የእማማ ኦና ድምፅ

አማቴን የምጠላቸው በአንቱታ ነው። ይኼን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ በኋላ «እንዴት ያለች ስድ ምራት ናት» የሚል እንዳይመጣ። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አንድም ቀን «አንቺ» ብያቸው አላውቅም። ሲገቡ እነሳለሁ፣ ሲያስነጥሳቸው «ይማርዎት» እላለሁ፣ ሲታመሙ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ። ቂሜን በሥርዓት ይዤ ነው የኖርኩት፤ በሥርዓት የተያዘ ቂም ደግሞ ቶሎ አይበላሽም።

ነገሩ የተጀመረው በቅልቅላችን ዕለት ነው። በእነሱ ቤተሰብ ደንብ አማት ለምራቷ ስም ታወጣለች። ሙሽራዋ እናቷ ባወጣችላት ስም ከቤቷ ትወጣና አማቷ በምታወጣላት ስም አዲሱ ቤቷ ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ የባሏ ወገን በሙሉ በዚያ ስም ይጠራታል። ደንቡን ቀድሜ አውቅ ስለነበር አልከፋኝም። እንዲያውም ጓጉቼ ነበር። ከእኔ በፊት የተዳረችውን የዘመዳቸውን ሙሽራ አማቷ «የቤቴ ጌጥ» ስትላት እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ አጨብጭቦላት ነበር።

የእኔ ተራ ሲደርስ አማቴ ተነሡ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ፣ ከደረታቸው በሚወጣው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው «ስሟ ትሁን ነው» አሉ። ትሁን። ልጄ አንዴ አምጥቷታል፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ትሁን ማለታቸው ነው። ለልጃቸው ያሰቡት የጎረቤታቸውን ልጅ እንደነበር ድንኳኑ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ባሌ ጫማውን አየ። ጓዳ ገብቼ ሳለቅስ አማቴ ተከትለውኝ መጡና ፊቴን በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው «ይለመዳል» አሉኝ። አዝነውልኝ አልነበረም፤ ቶሎ ወጥቼ እንግዳ ፊት እንድቀመጥላቸው ነው።

እውነታቸውን ነው፣ ተለመደ። ከሁሉ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ስም ይሠራል። «ትሁን» የምትባል ሴት ከበሩ አጠገብ ብትቀመጥ «ወደ ላይ ነይ» የሚላት የለም። ምሳ ሲቀርብ ብትረሳ ማንም አይደነግጥም። ቤተሰቡ ፎቶ ሊነሳ ሲሰበሰብ «ትሁን ታንሳን» ይባላል። አማቴ ቤት ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች በአንዱም የለሁም፤ ሁሉንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም እዚህ አልጽፈውም። ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ያን ያህል ዘመን የጠበቅኩት ስም ስለሆነ በነፃ መስጠት ከበደኝ።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድም ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሴት መሆኗን ሲሰሙ «አስከትዪ» አሏት፤ ወንድ አስከትዪ ማለታቸው ነው። ልጄ ገና ትንሽ ስለነበረች፣ ስሟ ከኋላዋ ይመጣል ለተባለ ሌላ ልጅ የተሰጠ መሆኑ አይገባትም ነበር። እኔ ግን በጠራኋት ቁጥር ይገባኝ ነበር። የገዛ ልጄን ስጠራ የአማቴን ምኞት ነበር የምጠራው።

እንጀራዬ ካርቱን ነው። የውጭ የልጆች ካርቱን ወደ አማርኛ የሚመልስ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ጽሑፉን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ስቱዲዮ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስል፤ መካኒሳ አቦ አካባቢ ከሰው ግቢ የተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው ክፍል ግድግዳው በስፖንጅ ፍራሽ ተሸፍኗል፤ ድምፅ የሚቀዳው እዚያ ነው። የአቦ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ፍራሹን አልፎ ስለሚገባ ሥራ የለም። አከራያችን በርበሬ ሲያስወቅጡም እንቆማለን። የእኔ ሥራ ደግሞ መተርጎም ብቻ አይደለም። የካርቱኑ ሰውዬ አፉን ሲከፍት ቃሉ መጀመር፣ ሲዘጋ ማለቅ አለበት። ያማረ አረፍተ ነገር ጽፌ አፉ ቀድሞ ስለተዘጋ ብቻ የጣልኩት ስፍር ቁጥር የለውም።

ያን ጊዜ የደረሰን ካርቱን ስለ አንድ የተራራ አገር ነበር። በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ አንዲት አሮጊት ከተራራው ትወርድና ስሙን በጆሮው እፍ ትልበታለች። ስሙ በጆሮ ገብቶ ዕድል ይሆናል። «ዘግይቶ» የተባለው ልጅ በሕይወቱ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም፤ ድልድዩ ሲፈርስም ገና መንገድ ላይ ስለነበረ ተረፈ። «ቀዳሚ» የተባለው የንጉሥ ልጅ በሁሉ ነገር ይቀድማል፤ ጉድጓዱ ውስጥም ከሠራዊቱ ቀድሞ የገባው እሱ ነው። እነዚህን ስሞች ያወጣሁት እኔ ነኝ። ካርቱኑን የላከልን የቴሌቪዥን ጣቢያ መጀመሪያ «ስሞቹ እንዳሉ ይቀመጡ» ብሎ ነበር። ስሞቹ ግን በራሳቸው ቋንቋ ትርጉም ነበራቸው፤ እንዳሉ ብንተዋቸው የእኛ ልጆች ያኛው ለምን እንደተረፈ፣ ይኼኛው ለምን እንደሞተ አይገባቸውም። ተከራክሬ አሳመንኳቸው። የአንድ አገር ሰው በሙሉ ስሙን ከእኔ መጠበቅ ጀመረ።

ዋናዋ ልጅ ቤተሰቧ የማይፈልጋት፣ ማዕድ ሲቀርብ የምትረሳ ልጅ ናት። አሮጊቷ እፍ ያለችባት ስም በዋናው ቋንቋ «ካለችም ትኑር» እንደማለት ነው። ብዙ አላሰብኩም። ትሁን አልኳት። አሮጊቷ ደግሞ በመጨረሻው ክፍል ተራራዋ ላይ ብቻዋን ትቀራለች፤ የሚጠራት፣ ደጇን የሚረግጥ ሰው ታጣለች። እማማ ኦና አልኳት። ስሙን ስጽፍ እየሳቅኩ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ማንን እያሰብኩ እንደሳቅኩ መናገር አያስፈልግም።

እማማ ኦናን ልትሠራልን የነበረችው ተዋናይ ቀረጻ ልንጀምር ስንል ሌላ ቦታ ተዋውላ ቀረች። በዚያው ሰሞን እኔም ሆዴ ገፍቶ ነበር። አልትራሳውንድ ሴት ናት አለ። ባሌ ለእናቱ ነገራቸው፤ እሳቸውም በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ከድምፅ ባለሙያችን ጋር ምሳ እየበላን ስለነበር በግራ እጄ ስነካው በስፒከር ተከፈተ።

«ትሁን! ሴት ናት አሉኝ። እህ! ግድ የለም፣ እግዜር የሰጠውን ማን ይመልሳል። ስሟን ይዣለሁ። ትብቃን ነው የምንላት። ትሰሚያለሽ? ክርስትናዋ ዕለት የማወጣላት እኔው ነኝ፤ ማንም አፉን እንዳይከፍት!»

የሴት ነገር ትብቃን ማለታቸው ነው። ልጄ ገና ሆዴ ውስጥ እየተራገጠች በዛሽ ተባለች። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። የድምፅ ባለሙያው ግን ከሳህኑ ቀና ብሎ ዓይኑ አበራ።

«ይቺ ሴትዮ ማናት?»

«አማቴ ናቸው።»

«በማርያም! እማማ ኦና እኮ ናቸው! ነገውኑ አምጪልኝ።»

ቤት ስገባ ስለ ስሙ ለባሌ ነገርኩት። «ስም ነው እኮ፣ ምን ያደርጋታል?» አለኝ። «እኔን ምን እንዳደረገኝ አላየህም?» አልኩት። ስልኩን አየ። ድሮ ጫማውን ነበር የሚያየው። ልጄን ከዚያ ስም የሚያድናት ከእኔ በቀር ማንም እንደሌለ ያኔ ቁርጡን አወቅሁ። እንዴት እንደማድናት ግን አላውቅም ነበር። እጄ ላይ የነበረው በቀል ብቻ ስለሆነ ከእሱ ጀመርኩ።

አማቴ ግብዣውን ሲሰሙ «ኧረ እኔ ምን አውቄ!» አሉ፤ በማግስቱ ግን የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። ከጀሞ እስከ መካኒሳ ሚኒባሱ ውስጥ ለረዳቱ ሳይቀር «ለቴሌቪዥን ተፈልጌ ነው» አሉት። ዓይናቸው ስለደከመ ጽሑፍ አያነቡም። ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ሆነ፤ እኔ ከወዲያኛው ክፍል በማይክ መስመሩን በጆሮ ማዳመጫቸው እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ተቀብለው በራሳቸው ድምፅ ይሉታል። እማማ ኦና በሕፃናቱ ጆሮ እፍ እንደምትለው እኔ በእሳቸው ጆሮ እፍ እል ነበር።

ጎበዝ ነበሩ፣ ይኼን አልክድም። «ስምሽ ትሁን ነው» የሚለውን መስመር ያስቀዳነው አንዴ ብቻ ነው። የድምፅ ባለሙያው «ተሰጥኦ ማለት ይኼ ነው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ልምምድ ነው አልኩ በሆዴ።

«የካርቱኗም ልጅ ትሁን ናት እንዴ?» አሉኝ አማቴ።

«አዎ እማማ፣ ደስ የሚል ስም ነው ብዬ።»

«ነው እንጂ» አሉ፤ ደስ አላቸው።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ለልጅቷ እህት ትወለድላታለች። እማማ ኦና ስም ልታወጣ ከተራራው ስትወርድ ልጅቷ ሮጣ የሕፃኗን ጆሮዎች በመዳፎቿ ትደፍናለች። ስሙ መግቢያ አጥቶ አሮጊቷ አፍ ላይ ይቀራል፤ እሱን ይዛ ወደ ተራራዋ መመለስ አትችልም። አሮጊቷ ከመንደሩ ለመውጣት አንድ መንገድ ብቻ ይቀራታል፤ ልጅቷን እናቷ ባወጣችላት በተደበቀው ስም ጮክ ብላ መጥራት አለባት። ለዚያ ስም አማርኛ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። የራሴን ጻፍኩ። የካርቱኗ አፍ አከፋፈት እንኳ ለእኔ የተለካ ይመስል ልክ ሆነ።

ቀረጻው ዕለት በጆሮ ማዳመጫው ስሜን ነገርኳቸው።

«አልተሰማም እንዴ እማማ?»

«ተሰምቷል… ይሄ ያንቺ አይደል እንዴ?»

«የካርቱኗ ልጅ ነው እማማ። ጽሑፉ ላይ ያለው እሱ ነው።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስሜን አሉት፤ ግን እንደ መራራ መድኃኒት፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ። የድምፅ ባለሙያው በመካከላችን ያለውን ነገር አያውቅም። ራሱን ነቀነቀና «አይ፣ እማማ ኦና እዚህ ጋ ተሸንፋለች፤ ከአንጀት ይሁን» አለኝ። ማይኩን ተጫንኩ።

«ከአንጀትዎ ይሁን እማማ። አንዴ ይድገሙልኝ።»

ደገሙት።

«ትንሽ ጮክ ይበሉ።»

ጮክ አሉ።

«መጨረሻው ተዋጠ እማማ፤ አንዴ ይድገሙልኝ።»

አንዳንዱን ባለሙያው ነው ያስደገመው፣ አንዳንዱን እኔ። ደህና የወጣውንም አስደግሜያቸዋለሁ። ከበሩ አጠገብ ያስቀመጠኝ ድምፅ፣ «ትሁን ታንሳን» ሲል የኖረው ድምፅ፣ ፍራሽ የለበሰ ክፍል ውስጥ ቆሞ ስሜን እየደጋገመ ይጠራል። ልጄ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠች። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ በሠርጌ ቀን እንኳ አላገኘሁትም። አማቴ ሲወጡ ዓይኔን አላዩም።

ካርቱኑ መታየት የጀመረው ከወለድኩ በኋላ ነው። አማቴ የሚኖሩት ከእኛ ብሎክ ፊት ለፊት ካለው ብሎክ ምድር ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት የፕላስቲክ ወንበራቸውን አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን አላፊ አግዳሚው «በቲቪ ሰማንዎት» ሲላቸው ወንበሩ ጠበባቸው። ከዚያ ልጆቹ መጡ። ኳስ የሚያባርሩት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት፣ ዳቦ የተላኩት ሁሉ «እማማ ኦና! እማማ ኦና!» ሆነ። ባለሱቁ «የእማማ ኦናን እንቁላል አስቀምጡላቸው» ማለት ጀመረ። የዕድር ሴቶቹ መጀመሪያ ከኋላቸው አሉት፤ ቆይተው ፊት ለፊት አሉት። ብዙም ሳይቆይ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው በሰፈሩ ጠፋ። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ልጄን እንዳቀፍኩ እሰማ ነበር።

አንድ ቀን ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ቤታችን መጡ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«እኔ ስም የለኝም እንዴ? ሰው እንዴት ኦና ይባላል? ልጅ ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ! እናቴ ያወጣችልኝ ስም አለኝ እኮ!»

ልጄን እያጠባሁ ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው። ይኼን ቃል ከቅልቅላችን ዕለት ጀምሮ አስቀምጬላቸው ነበር።

«ይለመዳል እማማ» አልኳቸው።

ጓዳዋን፣ ነጠላውን፣ ሁሉንም ማስታወሳቸውን ፊታቸው ላይ አየሁ። አላዘንኩላቸውም። ቀስ ብለው ወደ መውጫው ሄዱና በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው እንቅልፍ የወሰዳትን ልጄን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ክርስትናው ዕለት እንገናኛለን። ትብቃንን ደህና አድርገሽ ያዢልኝ» አሉ። ያኔ ፈራሁ። እኔ እሳቸውን ስወጋ እሳቸው በልጄ የሚመልሱልኝ መሰለኝ። ባሌን እንደገና ለመንኩት፤ «እናቴን በሰው ፊት ላሳፍራት?» አለኝ። እኔን በሰው ፊት ሲያሳፍሩኝ የት እንደነበረ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

ልጄ ሰማንያ ቀኗን ስትደፍን ብስራተ ገብርኤል ወስደን አስጠመቅናት። የክርስትና ስሟን ቄሱ አወጡላት፤ የቀረው የምትጠራበት ስም ነው። ድግሱ ኮንዶሚኒየማችን የጋራ መደገሻ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የካርቱኑ የመጨረሻ ክፍል በዋዜማው ታይቷል፤ የልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ወሬው ሁሉ እሱ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ካርቱን አላሰብኩም። የማስበው አማቴ ሲነሡ ልጄን ይዤ ወደ ውጭ ብሮጥ ማን ይይዘኛል እያልኩ ነበር።

ዳቦው ተቆረሰ። አማቴ ተነሡ። እጃቸውን ወደ ልጄ ዘረጉ፤ ባሌም በዓይኑ «ስጫቸው» አለኝ። አልሰጠኋቸውም፣ ግን አልሮጥኩም። እቅፌ ውስጥ እንዳለች ጎንበስ አሉና አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠጉ።

«ስሟ…»

«እማማ ኦና ስም ልታወጣ ነው!» የሚል ጩኸት ከልጆቹ ጠረጴዛ ተነሣ።

ታላቋ ልጄ ከወንበሯ ዘላ መጥታ የእህቷን ጆሮዎች በሁለት መዳፏ ግጥም አድርጋ ደፈነች። የጎረቤት ልጆች ግር ብለው ተከተሏት። እጅ በእጅ ላይ ተደራረበ፤ ያልደረሳቸው የገዛ ጆሯቸውን ያዙ። አማቴ «ዞር በሉ!» ብለው ጮኹ፤ ሌላ ድምፅ ስለሌላቸው የጮኹት በእማማ ኦና ድምፅ ነው፣ ልጆቹም ጭራሽ ባሰባቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ ይኼን ጊዜ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አልሳቡም፤ ጥርሳቸውን ገልጠው ሳቁ። እውነቱን ለመናገር፣ ይኼን ያቀድኩት እኔ አይደለሁም። ልጆቹ ካርቱኑን አምነውት ነበር፤ እኔ ራሴ የጻፍኩትን ያህል አላመንኩትም ነበር።

የዕድሩ ትልቋ ሴት እንባቸውን እየጠረጉ እጃቸውን አነሡ። «ተይው እንግዲህ! በክርስትና ቀን ልጅ አያስለቅሱም። እናቷ ታውጣላት።» ሁሉም ባሌን አየ። እሱ ወደ ጫማው ሲያጎነብስ «ቀና በል» አልኩት፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ቀና አለ። «እናቷ ታውጣላት» አለ እሱም።

ታላቋን መዳፏን እንድታነሳ ነገርኳትና ለትንሿ ስሟን በጆሮዋ እፍ አልኩላት፤ ከዚያ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ጭብጨባ ሆነ። «እኔስ?» አለች ታላቋ። ለእሷም እዚያው አወጣሁላት። አስከትዪ የሚባል ልጅ ከዚያን ቀን በኋላ ቤቴ የለም። አማቴ አፋቸው ላይ የቀረውን ስም ይዘው ቁጭ አሉ።

እንግዳው ተሸኘ። ባሌ ልጆቹን ይዞ ወደ ቤት ወጣ፤ እኔ ወንበር ለመሰብሰብ ቀረሁ። አማቴም ቀርተው ነበር። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፤ በዚያ ሰዓት ዓይናቸው የአዳራሹን ደረጃ አይለይም፣ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሰውም ልጆቹም ሄደው እሳቸው ብቻቸውን በዚያ ሰፊ አዳራሽ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

«ትሁን» አሉ።

ወንበር መደራረቤን ቀጠልኩ።

«ትሁን!»

ሌላ ወንበር አነሳሁ። ለመነሣት ሞከሩና መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ስሜን ጠሩት። ማንም በጆሯቸው ሳይነግራቸው ነው። መጨረሻውም አልተዋጠም፤ ጥርት ብሎ ወጣ፤ አዳራሹ ባዶ ስለነበር ግድግዳው መለሰው። በደንብ ሰምቻለሁ። ወንበሩን አስቀመጥኩና ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«አልሰማሁም እማማ» አልኳቸው። «አንዴ ይድገሙልኝ።»